ባዶውን አይንቀጠቀጥም

«ጋሼ፣ መኪናው ምንም የለውም። ያንተ እጅ ነው።»

ይህን ያለው ዋርሳዬ ነው፤ የባሌ ታናሽ ወንድም። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋ እያነጠፍኩ ነበር። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው ብለን እናወራለን እንጂ አንዱን ክፍል ሁለት ያደረገው መጋረጃ ነው፤ መጋረጃ ደግሞ ዓይን ይከልላል እንጂ ጆሮ አይከልልም። ባሌ አልመለሰለትም። ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። ዋርሳዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። የመኪናው ገዢ ዛሬ ከሰዓት ዋርሳዬ ጋራዥ ይመጣል፤ ሰውዬው ጨዋ ነው፤ መኪናው ዋጋ ሳለው ቢሸጥ ይሻላል። ባሌም ቢሆን ሥራ አይፈታም፤ ጋራዡ ዕቃ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ቁልፍና ቡሎን እያቀበለ አብሮት ይውላል። መጨረሻ ላይ «አባባን አስበው እንጂ» አለው። እኔ የአንሶላውን ጫፍ እንደያዝኩ ቀረሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የዚያን ቀን ግን ባለቤቱም ሰማ፣ ሚስቱም ሰማች።

አባባ የሚሉት የባሌን አባት ነው፣ ነፍሱን ይማረው። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምረው ደበቀ፤ ደብቆ ደብቆ አንድ ቀን መኪናውን ከነጭነቱ ከአጥር ጋር አላተመው። ሰው አልሞተም፤ ግን ከዚያ በኋላ መሪ የሚሰጠው አልተገኘም። እኔ ለዚህ ቤት ስዳር ያገኘሁት በር ላይ ወንበር አውጥቶ፣ ሁለት እጁን ጭኑ ሥር ከትቶ፣ የሚያልፈውን መኪና ሲቆጥር የሚውል ሰው ነው። ልጆቹ ያንን እያዩ ነው ያደጉት። ስለዚህ ክረምቱ ካለፈ ወዲህ ባሌ ነዳጅ ረገጥ ሲያደርግ መሪው እጁ ውስጥ መንዘር ሲጀምር፣ ሌላ ሰው ቢሆን መኪናውን ይረግማል፤ እሱ እጁን ተጠራጠረ።

ዋርሳዬን ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። በሰፈሩ ዶክተር ነው የሚባለው፤ የረጅም ብረት አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አድርጎ ስለሚያዳምጥ ነው። ነጭ ካፖርት ብቻ ነው የቀረው። ወንድሙን ደግሞ ይወደዋል፤ ሳንቲም ሳይቀበለው ስንት ቀን ለፋበት። መጀመሪያ ጎማ ነው ብሎ የጎማዎቹን ሚዛን አስተካከለ፣ የፊቱን ወደ ኋላ አዞረ። ቀጥሎ ሞተሩ የሚቀመጥበትን ላስቲክ ለወጠ። ካንዴላ ለወጠ። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ከወለሉ ጋር እየተጋጨ ይሆናል ብሎ በሽቦ አሰረው። ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ ብቻውን ይነዳና ዋናውን መንገድ ዞሮ ይመለሳል፤ «እንደ ውሃ ነው የሚሄደው» ይላል። ሲሞክር ማንንም አያስገባም፣ የመኪናውን ባለቤት እንኳ። የሰው ወሬ ጆሮዬን ያደነቁረዋል ይላል። ሕጉ ነው። ባሌ ደግሞ በማግስቱ ነድቶ ይመጣና ማታ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ይቀመጣል።

ቤት ውስጥ ስለዚህ ነገር የሚናገር የለም። አማቴ ግን ለልጇ ሻይ ስትቀዳ ብርጭቆውን ግማሽ ብቻ ማድረግ ከጀመረች ቆይታለች። ማንም አልነገራትም። ለአባታቸውም እንደዚያው ታደርግ እንደነበር አውቃለሁ፤ ሙሉ ብርጭቆ ይፈስበት ነበራ። ባሌም ግማሽ ብርጭቆውን ጠጥቶ ይነሳል፣ ጨምሩልኝ አይልም። እኔ እያየሁ እንዳላየሁ፣ እሷም እየሰጠች እንዳልሰጠች። እንዲህ እየተባባልን ሳንባባል ነው የከረምነው።

መጋረጃውን ገልጬ ስወጣ ዋርሳዬ ሄዷል። ለባሌ ዛሬ በመኪናው አብሬህ እሄዳለሁ አልኩት። ወዴት አለኝ። አንተ ወደምትሄድበት አልኩት። የሰው ልብስ ሳይተኮስ ተከምሮ የለም ወይ አለ፤ እውነቱን ነው፣ ሥራዬ የሰው ልብስ አጥቦ መተኮስ ነው፣ የዚያን ቀን ደግሞ የሙሽራ ልብስ ነበረብኝ። ሙሽራው ከነ ጭምድዱ ያግባ አልኩት። ባሌ ሲያዝን አይከራከርም። ቁልፉን አንስቶ ወጣ፣ ተከተልኩት።

መኪናችን ውስጥ ገብቼ አላውቅም ብል ማን ያምነኛል። ወንበሩ ለሚከፍል ሰው ነው፤ እኔ በእግሬ እሄዳለሁ። ረጅም አሮጌ መኪና ነው፣ ከሹፌሩ ኋላ ሁለት ረድፍ ወንበር አለው፤ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞችን ጠዋት ያደርሳል፣ ከሰዓት ይመልሳል። ከየበራቸው እየለቀምን ሞላን። እኔ መጨረሻው ወንበር ጥግ ላይ፣ ከጎኔ ሬዲዮ የሚሏት ሴትዮ። ለምን ሬዲዮ እንደተባለች ለማወቅ አንድ ማዞሪያ በቃኝ። የአለቃዋን ነገር፣ የአማቷን ነገር፣ የሳሙና ዋጋ የጨመረበትን ነገር አንድ ላይ ትናገራለች። ሳሙናው ላይ እኔም የምለው ስለነበረኝ እየመለስኩላት፣ መኪናው ከመጨረሻዋ ሴት በር ተነስቶ ዳገቱን ሲይዝ ባሌ ነዳጅ ሰጠው።

ከወለሉ ሥር ድብ ድብ ድብ አለ። ሰው በጨለማ በር ሲደበድብ ዓይነት፣ እየፈጠነ። ከዚያ ወለሉ እግሬን፣ እግሬ ጉልበቴን፣ ጉልበቴ ጥርሴን አንቀጠቀጠው። መስታወቱ ተንጫረረ። የሬዲዮ ድምፅ እንኳ ተቆራረጠ፣ ወሬዋ ግን አልቆመም። ከፊታችን ያሉት ሴቶች አንዷም ዞር አላለችም። ባሌ እግሩን ሲያነሳ ፀጥ አለ፤ ሲረግጥ ተመለሰ። ልቤ ከወለሉ ጋር አብሮ ይደልቅ ጀመር፣ ከደስታ ይሁን ከፍርሃት እኔም አላውቅም። ይሄ ነገር ሁልጊዜ ነው ወይ ብዬ ሬዲዮን ጠየቅኳት። ምኑ አለችኝ። መንቀጥቀጡ አልኳት።

«እ፣ እሱን ነው? ለምደነዋል እኮ። እንደውም ወገቤን ያሸኛል፤ ለመታሸት ሆስፒታል ብገባ ወረፋ አለው።»

ሴቶቹ ሳቁ። ባሌ አልሳቀም። በመስታወቱ ውስጥ ዓይኑን አየሁት፣ ሰምቷል። ለምን እስከዛሬ አልነገራችሁትም አልኳት ቀስ ብዬ። ሹፌር ሲነካ ይቆጣል፣ ተቆጥቶ ቢተወን በየት እንሄዳለን አለችኝ። አሮጌ መኪና ሁሉ እንደዚህ ይመስላታል፤ ሌላ መኪና የት ገብታ ታውቅና። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲወርዱ ከሰዓት መኪናው ጋራዥ እንደሚሆን፣ ከሥራ ሲወጡ እዚያው እንዲመጡ ነገርኳት። ጋራዡ ከሆስፒታሉ ብዙ አይርቅም። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም፤ ለሬዲዮ ምክንያት ከነገሩ አገር ያውቀዋል።

ሴቶቹ ሲወርዱ ወደ ፊት ተዛወርኩ። ባሌ ወደ ዳገቱ ሥር ተመልሶ ያንኑ ዳገት ያዘና ያንኑ ያህል ነዳጅ ሰጠው። ምንም የለም። ወለሉ እንደ አልጋ ተኛ። እጁን አየሁት፣ መሪውን ጨምቆ ከመያዙ የተነሳ የጣቶቹ አንጓ ነጥቷል።

«አየሽ» አለኝ። «ብቻዬን ስሆን የለም። ሰው ሲሞላ ነው የሚመጣብኝ። የሰው ነፍስ ይዣለሁ ብዬ ስለምፈራ ነው እጄ የሚብሰው።»

በእግዜር፣ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ይሄ ሰው ለካ ነገሩን ከወንድሙ ቀድሞ አግኝቶታል። ሰው ሲሞላ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ባዶውን እንደማይንቀጠቀጥ ካወቀ ከርሟል። ያወቀውን ይዞ ግን ወደ መኪናው ሆድ ከመሄድ ወደ ራሱ ሆድ ሄደ። ፍርሃቴ ነው ብሎ ዘጋው። የተንቀጠቀጠው እግሬ ነው፣ እኔ መሪ አልያዝኩ፣ ያንተ እጅ ከእኔ እግር ጋር ምን አዛመደው አልኩት። ልታጽናኚኝ ነው አለኝ። ሬዲዮስ አልኩት። ሬዲዮ ቀልደኛ ናት አለኝ። እንግዲያው ለወንድምህ ንገረው፣ ሰው ሞልቶ ይሞክረው አልኩ። እዚህ ላይ ተቆጣ። ያን ያህል የለፋ ልጅ፣ ያውም በነፃ፣ ሄጄ አላወቅህበትም ልበለው ወይ አለኝ። ከእጄ የበላ ልጅ ነው፣ ያንን ጋራዥ ሲከፍት መፍቻ የገዛሁለት እኔ ነኝ፣ ዛሬ በደንበኞቹ ፊት ላዋርደው ወይ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ድምፁ ወረደ። ይሸጥ፣ ደክሞኛል፣ ልረፍ አለ። ሰውን ገጭቶ ከማረፍ አሁን ማረፍ ይሻላል አለ።

ቤት አውርዶኝ ሄደ። ልብስ ልተኩስ ብዬ ካውያውን አሞቅሁ። የሙሽራውን ሸሚዝ አንገትጌ ሁለት ጊዜ ተኮስኩት፣ እጅጌውን ረሳሁት። እጁ ቢሆንስ እላለሁ፣ መልሼ ወለሉን አስባለሁ። መኪናው ተሸጦ ዕቃ ቤት ከገባ ያ ሰውዬ እንደ አባቱ ወንበር ላይ እጁን ጭኑ ሥር ከትቶ ይቀራል፤ ይሄ ይታየኛል። መኪናው ሳይሸጥ ቢቀርና እጁ ቢሆን ደግሞ ሬዲዮና ሴቶቹ ይታዩኛል። አማቴ ጥግ ላይ ምስር ትለቅም ነበር። ከሰዓት ጋራዥ አብረን እንሂድ አልኳት። እስዋ ከቤት ከወጣች ዘመን ሆኗታል፣ ምን ላድርግ ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ትሪውን አስቀመጠችና ነጠላዋን ፈለገች። መንገድ ላይ ክንዴን አጥብቃ ያዘች።

ጋራዥ ስንደርስ ገዢው መጥቷል። ጫማው ከመንጻቱ የተነሳ በዘይቱ መሃል ድንጋይ ድንጋይ እየመረጠ ይራመዳል። ጎማ ይረግጣል፣ በር ይከፍታል ይዘጋል፣ የወንበሩን ቀዳዳ እያሳየ ዋጋ ያወርዳል። ዋርሳዬ ብቻውን መኪናውን አዙሮ ተመልሶ ነበር፤ ባዶውን። እንደ ውሃ ነው የሚሄደው ሲለው ሰማሁ፣ ገዢውም ራሱን ነቀነቀ። ባሌ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ወደ አጥሩ ያያል። የራሱ መኪና ሲሸጥ እንደ መንገደኛ። የኋላውን በር ከፍቼ ገባሁና ቁጭ አልኩ።

ዋርሳዬ መጣ። እትዬ ውረጂ እንጂ፣ ሰው እየጠበቀ ነው አለኝ። አልወርድም አልኩት። ምን ሆንሽ አለኝ። ምንም አልሆንኩ፣ መኪናውን ሰው ሞልተህ ሞክረው አልኩት። ሕጌን ታውቂዋለሽ አለ። አውቀዋለሁ፣ ከነሕግህ ንዳው አልኩት። ፊቱ ቀላ። በገዢ ፊት ነው። ወንድሙን ዞር ብሎ አየ፣ ባሌ ከጎማው ላይ ተነስቶ ተይ አለኝ፣ በቃ ተይ። ግትር ናት ይሉኛል፣ ልክ ናቸው። እናትህን አስገባት አልኩት ዋርሳዬን። አማቴ መልስ ሳትጠብቅ ነጠላዋን ሰብስባ ከጎኔ ገባች። ይሄኔ ሬዲዮና ሴቶቹ ከሥራ ወጥተው በአጥሩ በር ገቡ፤ ሬዲዮ እኔንና አማቴን ጭጭ ብለን ተቀምጠን ስታይ ለቅሶ ነው እንዴ የምንሄደው አለች። ግቡ ብቻ አልኳቸው፣ ገቡ። ገዢው ይሄን ሁሉ ሲያይ ቆይቶ፣ መኪናው ጤነኛ ከሆነ ሰው ቢጫንበት ምን ይፈራል ብሎ ጠየቀ።

ባሌ እንደልማዱ ወደ መሪው ሲሄድ አስቆምኩት። «አንተ አይደለህም» አልኩት። ዋርሳዬን ደግሞ «አንተ ንዳ። ያንተ እጅ ጤነኛ ነው አይደል?» አልኩት።

ገብቶ በሩን ወርውሮ ዘጋው። ባሌ ከጎኑ ተቀመጠ። ከጋራዡ ጀርባ ያለውን ዳገት ያዝን። መጀመሪያ ላይ ምንም አልነበረም። ወለሉ ዝም። ጠዋት የሰማሁት ልቤን ነበር ማለት ነው፣ ሰውዬዬን በሰው ፊት ሁለተኛ ገደልኩት ማለት ነው አልኩ። ከዚያ ዋርሳዬ ማርሽ ለወጠና፣ ንዴቱም ነበረበት፣ ነዳጁን እስከ ታች ረገጠው። ድብ ድብ ድብ። ወለሉ ተነሳ። እግራችን፣ መስታወቱ፣ የአማቴ ጉልበት ላይ የተቀመጠው ቦርሳ፣ ሁሉም። ዋርሳዬ እግሩን አነሳ፣ ቆመ። ረገጠ፣ መጣ። አነሳ። ረገጠ። እንደማያምን ሰው መላልሶ መላልሶ። ባሌ መንገዱን አያይም፣ የወንድሙን እጅ ነው የሚያየው። ያ እንጨት የሚሰብር የወጣት እጅ መሪው ላይ ይንዘፈዘፋል፣ የሸሚዙ ቁልፍ እንኳ ከእጁ ጋር ይርገበገባል። ከኋላ አማቴ ተንጠራርታ አየች።

«ልጄ» አለችው፣ «ያንተም እጅ ይንቀጠቀጣል።»

ክፋት አልነበረበትም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። ዋርሳዬ መኪናውን አዙሮ ጋራዥ አስገባውና ከሥር መሥሪያው ጉድጓድ ላይ አቆመው። ሴቶቹ ሊወርዱ ሲነሱ ማንም እንዳይወርድ ብሎ ከለከለ። እንኳን ሊያስወርደን፣ ሬዲዮን ወደ መሃል ጠጋ በይ አላት። እኛ ሸክም ሆነን ስንቀመጥ ክፍያ የለውም እንዴ አለች። ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ከሥራችን ሲያንኳኳ፣ ሲገፋ፣ ሲያቃስት ቆየ። ከዚያ ወንድሙን ጠራው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ በኋላ እንዳስረዳኝ። ከሞተሩ ተነስቶ በመኪናው ሆድ ሥር አልፎ የኋላውን ጎማ የሚያዞር ረጅም ብረት አለ፣ ትራስሚሽን ይሉታል። መሃሉ ላይ አቅፎ የያዘው ክብ ላስቲክ አለ። ያ ላስቲክ ተቀዷል። መኪናው ባዶውን ሲሆን ብረቱ ቦታው ላይ ይተኛል፣ ክሪክ ላይ ሲሰቅሉትም ደህና ይመስላል። ሰው ሲሞላበት ኋላው ይሰምጣል፣ ነዳጅ ሲሰጡት ብረቱ ከተቀደደው ላስቲክ ውስጥ እየዘለለ ወለሉን ይደበድባል። ዶክተር በሽተኛውን ሁልጊዜ ባዶ ሆዱን ነው ሲያዳምጥ የነበረው። ገዢው ይሄን ሲሰማ፣ ሲጠገን ደውሉልኝ ብሎ ድንጋይ ድንጋይ እየመረጠ ወጣ። ማንም አልሸኘውም።

ዋርሳዬ ከጉድጓዱ ራሱን አወጣና ወንድሙን አየው። ይቅርታ የሚል መስሎኝ ነበር። በዘይት እጁ ግንባሩን አበሰና አቆሸሸው። «ጋሼ» አለ፣ «መብራቱን ያዝልኝ።»

ባሌ ገመድ ያለውን መብራት ወስዶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከና ወደ ውስጥ አስገባው። ሞተሩ ጠፍቷል፣ መኪናው እንደ ድንጋይ ቆሟል። እኔ በሩ አጠገብ ስለነበርኩ ወደ ታች አየሁ። መብራቱ ብረቱ ላይ ክብ ሠርቷል። ክቡ ይንቀሳቀስ ነበር። ብዙ አይደለም። ነፋስ የሌለበት ቀን ቅጠል እንደሚለው ያህል፣ ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ። ላለማየት ዞር ልል ፈለግሁ፤ አልዞርኩም። አማቴም ከጎኔ አየች። ባሌ ቀና ብሎ እኔን ሲያይ ማየቴን አየ። እጁን የሚከትበት ኪስ አጠገቡ ነበር። አልከተተውም።

«መኪናውም ነበር» አለ፣ ድምፁን ሳይቀንስ፣ ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ። «እኔም ግን ትንሽ ይለኛል።»

ሬዲዮ አንድ ቃል አልተናገረችም። ሰኞ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን አልኩት። እሺ አለ። ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ዞሮ፣ ሐኪም እስኪያየኝ ሴቶቹን አንተ ታመላልሳቸዋለህ አለው ወንድሙን፤ ሲለምን አይደለም፣ ሲያዝ ነው። ከሥር የመፍቻው ድምፅ ቆመ። እኔ ዋርሳዬ ምን እንደሚል ጠበቅሁ፣ ጠዋት ያለውን፣ ያንተ እጅ ነው የሚለውን ይደግመው ይሆን ብዬ።

«እሺ ጋሼ። መብራቱን ትንሽ ዝቅ አድርገው» አለ። «እንደሱ። ያዘው። ይታየኛል።»